በነጭ በትር ብቻን መሄድን ስለ መማር

በግቢያችን ውስጥ ነጭ በትር ይዘን ከመኝታ ቤት ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ቤተ መጻሕፍት ስንመላለስ የምታዩን ተማሪዎች ጥቂቶች አይደለንም። ከምትጠይቁን ጥያቄዎች ሁሉ የሚበዛው «በትሩ ለመሆኑ ምን ይነግራችኋል?» የሚለው ነው። አንዳንዱ ሰው በትሩን እንደ ሽማግሌ ከዘራ የምንደገፍበት ይመስለዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ዓይነ ስውር መሆናችን እንዲታወቅ ያህል የምንይዘው ምልክት ነው ይላል። ትምህርት ያለው ነገር መሆኑን፣ ያውም ወራት የሚፈጅ ትምህርት መሆኑን የሚገምት ግን ብዙ አላጋጠመኝም። እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት በትሩን መያዝ ስማር፣ ከመንገዱ ይልቅ ያስቸገረኝ የጓደኞቼ ደግነት ነበር። ስለዚህ ትምህርቱ ምን እንደ ሆነ ብታውቁት ለእናንተም ለእኛም ይበጃል ብዬ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

አስቀድሜ የመጣሁበትን ልናገር። ያደግሁት ጎጃም ውስጥ በገጠር ነው። በአገራችን ዓይነ ስውር የሚሄደው በመሪ ነው፤ መሪውም ብዙውን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነው። ልጁ የበትሩን አንድ ጫፍ ይዞ ከፊት ይሄዳል፤ ዓይነ ስውሩ ሁለተኛውን ጫፍ ይዞ ይከተላል። የእኔ መሪ ታናሽ ወንድሜ ነበር። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት አንድ ሰዓት የሚያስኬደውን መንገድ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ አድርገን ተመላለስን። ይሁን እንጂ ከስምንት ዓመት በኋላ «ያን መንገድ ታውቀዋለህ?» ብትሉኝ አላውቀውም። ወንዙን በየት በኩል እንደምንሻገረው፣ ዋርካው በቀኝ ይሁን በግራ ልነግራችሁ አልችልም ነበር። መንገዱን የተማረው ወንድሜ ነው፤ እኔ የተማርሁት የእርሱን እርምጃ ነው። ወንድሜ ወባ ይዞት በተኛ ጊዜ እኔም ጤነኛው አብሬው እተኛለሁ፤ በአንድ ሰው ትኩሳት ሁለት ተማሪ ከክፍል ይቀራል። እርሱ በዚህ ነገር አንድም ቀን አጉረምርሞ አያውቅም። ነገር ግን ልጆቹ ሜዳ ላይ ኳስ ሲጫወቱ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር፤ እርሱም ከአጠገቤ ቆሞ ዝም ማለቱ ይሰማኝ ነበር።

ወደ ነጩ በትር ስንመለስ፣ ዓይነ ስውር በትር መያዙ ከጥንት የመጣ ነገር ሲሆን፣ በትሩ ነጭ የሆነው ግን ከመቶ ዓመት ብዙም ያልበለጠ ጊዜ ነው። በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ጄምስ ቢግስ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ በአደጋ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ፣ በቤቱ አጠገብ የሚያልፈው የመኪና ብዛት ቢያሠጋው እ.ኤ.አ. በ1921 ከዘራውን ነጭ ቀለም ቀባው ይባላል። በፓሪስ ከተማም ጊሊ ዴርብሞን የተባለች ሴት በ1930 ለጋዜጣ ጽፋ ሐሳቡን ካቀረበች በኋላ፣ በ1931 ለዓይነ ስውራን ነጭ በትር መታደል ጀመረ። በዚያው በ1930 በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት በፒዮሪያ ከተማ በላየንስ ክበብ አሳሳቢነት፣ ነጭ በትር ለያዘ ሰው ባለመኪና መንገድ እንዲለቅ የከተማ ደንብ ወጣ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች በትሩ ነጭ የሆነው ለሾፌሩ ሲባል ነው። ሾፌሩ አይቶ እንዲጠነቀቅ ነው። ለያዘው ሰው ግን ያው የድሮው አጭር ከዘራ ነበር።

ይህን የለወጠው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በጦር ሜዳ ዓይናቸውን ያጡ ወጣት የአሜሪካ ወታደሮች በፔንሲልቬንያ ቫሊ ፎርጅ ወደሚባል ሆስፒታል ተወስደው ነበር። በዚያም ሪቻርድ ሁቨር የተባለ፣ ከዚያ በፊት በሜሪላንድ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረ ሳጅን ነበረ። እርሱም በ1944 በትሩን አስረዘመው፣ አቀለለው፣ የሚወዛወዝበትንም ሥርዓት አወጣለት። (ሁቨር ከጦርነቱ በኋላ ሕክምና ተምሮ የዓይን ሐኪም ሆኗል።) በ1948 በቺካጎ አጠገብ በሃይንስ የጦር ጉዳተኞች ሆስፒታል ለዚህ ትምህርት ራሱን የቻለ ማዕከል ሲከፈት፣ በኀላፊነት የተቀመጠው ራስል ዊሊያምስ የተባለ፣ ራሱም በጦርነቱ ዓይኑን ያጣ ሰው ነው። በ1960 ደግሞ ቦስተን ኮሌጅ የዚህን ትምህርት መምህራን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ማሠልጠን ጀመረ። በእኛ አገር የአቅጣጫና የእንቅስቃሴ ትምህርት የምንለው ይኸው ነው። ባጭሩ የበትሩ ነጭነት ለሾፌሩ ነው፤ ርዝመቱ ለእኔ ነው።

ስለ ርዝመቱ ጥቂት ልበል። በሁቨር ሥርዓት በትሩ ከመሬት እስከ ደረት አጥንት ይደርሳል። በኋላ ግን በተለይ የአሜሪካ ብሔራዊ የዓይነ ስውራን ፌዴሬሽን አባላት ይህ አጭር ነው ብለው፣ እስከ አገጭ እንዲያውም እስከ አፍንጫ የሚደርስ በጣም ቀላል በትር መያዝ ጀመሩ። እኔም የምይዘው እስከ አገጬ የሚደርሰውን ነው። ምክንያቱ ተራ ሒሳብ ነው። እንዲህ ያለው በትር ከእግሬ ሁለት እርምጃ ያህል ይቀድመኛል። ጫፉ አንድ ነገር ሲነካ፣ አንዱ እርምጃ ነገሩን እስክረዳው ይሄዳል፤ ሁለተኛው እርምጃ እስክቆም ይሄዳል። በትሩ ካጠረ ከሁለቱ አንዱን አጣለሁ፤ ያን ጊዜ ወይ እንደ ኤሊ መጎተት ነው ወይ መጋጨት ነው። ብዙ ጊዜ «ዓይነ ስውር ቀስ ብሎ ይሄዳል» የሚባለው፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ከግማሽ በላይ የአጭር በትር ጥፋት ነው።

አያያዙ እንዲህ ነው። እጀታው በመዳፍ ውስጥ ይተኛል፤ ሌባ ጣት በእጀታው ላይ ወደ ታች ይዘረጋል። እጅ ከእምብርት ፊት ለፊት፣ በሰውነት መካከል ይቀመጣል፤ ወደ ጎን ከሸሸ በትሩ አንዱን ወገን ብቻ ይጠብቅና ሌላውን ለግንብ ይተወዋል። የሚንቀሳቀሰው የእጅ አንጓ ነው፤ ክንድ ዝም ይላል። ጫፉ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይመላለሳል፤ ስፋቱም ከትከሻ በየወገኑ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ቢያልፍ ነው። ከዚያ ከሰፋ የመንገደኛውን ቁርጭምጭሚት ይመታል። ወደ ላይም ከመሬት ከሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር በላይ አይነሣም።

አስቸጋሪው የእግርና የበትር ስምምነት ነው። ቀኝ እግር ሲቀድም የበትሩ ጫፍ በግራ በኩል መሬት ይነካል፤ ግራ እግር ሲቀድም በቀኝ ይነካል። መጀመሪያ ሲሰሙት የተገላበጠ ይመስላል። ነገር ግን አስቡት፤ ቀኝ እግሬ አሁን ቦታውን ይዟል፤ ቀጥሎ የሚነሣው ግራዬ ነው። ስለዚህ በትሩ ቀድሞ ሄዶ ግራ እግሬ የሚያርፍበትን ይመረምርለታል። ሁልጊዜ ከሚመጣው እርምጃ ፊት ነው። ሦስት ሳምንት ያህል እጄና እግሬ አልስማማ ብለው ነበር። አስተማሪዬ «እስክስታ የሚያውቅ ሰው ይህ እንዴት ያቅተዋል?» እያለ ይሥቅብኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ እስክስታም አላውቅም። በአራተኛው ሳምንት አንድ ቀን ስለ ፈተና እያሰብሁ ስሄድ፣ ሳላስበው መስማማታቸውን አወቅሁ። ልክ መሆኑን ለማየት ማሰብ ስጀምር ወዲያው ተበላሸ።

ከዚህ ሌላ ጫፉን ከመሬት ሳያነሡ የማንሸራተት ዘዴ አለ። ይህ ለአዲስ አበባ ቦይ እጅግ ይጠቅማል፤ መታ መታ ሲያደርጉ ጫፉ ሊዘለው የሚችለውን ክፍት ጉድጓድ ማንሸራተት አይስተውም። በኮብልስቶን ላይ ግን ማንሸራተት ቅጣት ነው። ጫፉ በሁለት ድንጋይ መካከል ይሰካና እጀታው ሆድን ይወጋል፤ በትር ይዞ በኮብልስቶን ላይ የሄደ ሰው ሁሉ ይህችን ውጋት ያውቃታል። ስለዚህ በአስፋልት ላይ እናንሸራትታለን፣ በኮብልስቶን ላይ እንመታለን፤ ወይም እንደ ኳስ የሚሽከረከር ጫፍ ያለው ከተገኘ እርሱን እንገጥማለን። ሰው በበዛበት ኮሪደር ደግሞ በትሩን ወደ ሰውነት አቅርበን እንደ እስክሪብቶ እንይዘዋለን። ደረጃ ስንወጣ በትሩን አቁመን የሚቀጥለውን ደረጃ ግንባር ነካ ነካ እያደረግን እንወጣለን፤ ጫፉ የሚነካው ሲያጣ ደረጃው አልቋል ማለት ነው። ስንወርድ ግን መጀመሪያ ጫፉን ከደረጃው ጠርዝ አሳልፈን የጥልቀቱን ልክ እናያለን፤ ከዚያ ከእግራችን ሁለት ደረጃ ቀድሞ ይወርዳል፤ መሬት ሲነካም መጨረሻው መድረሱን ይነግረናል።

ዳር መከተል የሚባለውም ቀላል ነገር ይመስላል፤ የካርታችን ግማሽ ግን እርሱ ነው። የሣሩና የሲሚንቶው መጋጠሚያ፣ የግንቡ ሥር፣ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ፣ እነዚህ ሁሉ ለበትሩ እንደ መስመር ናቸው። በጃፓን አገር ሴይቺ ሚያኬ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1965 የፈለሰፈውና በ1967 በኦካያማ ከተማ መጀመሪያ መንገድ ላይ የተነጠፈው አባጣ ጎባጣ ንጣፍ ይህንኑ መስመር ሆን ብሎ መሥራት ነው። ዘንጎቹ «ሂድ» ይላሉ፤ ነጠብጣቦቹ «ቁም» ይላሉ። ንጣፉ ባለበት ቦታ ላይ የጀበና ቡና በርጩማ ደርድሮ መቀመጥ ግን የኦካያማ ሐሳብ አይደለም።

አሁን ስለ ጆሮ ልናገር፤ ምክንያቱም በትሩ የሚሠራው በእጅ ብቻ ሳይሆን በጆሮም ነው። ብዙ ዓይነ ስውራን ግንብ ከመንካታቸው በፊት ግንቡ በፊታቸው ላይ እንደ ጥላ ይሰማቸዋል። የቀድሞ ሰዎች ይህን የፊት ቆዳ ስሜት ነው ይሉት ነበር። በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሚካኤል ሱፓ የተባለ፣ ራሱ ዓይነ ስውር የሆነ ተማሪ፣ ከኮትዚንና ከፕሮፌሰር ዳለንባክ ጋር ሆኖ ይህን መረመረውና እ.ኤ.አ. በ1944 ውጤቱን አሳተመ። ፈተናውን የወሰዱት ዓይነ ስውራንና ዓይናቸው የታሰረ ዓይናሞች ነበሩ። ፊታቸውን በወፍራም ጨርቅ ሸፍነው ወደ ግንብ እንዲሄዱ ሲደረግ ግንቡን አወቁት፤ ጆሮአቸው ሲደፈን ግን ሁሉም ሄደው ተጋጩ። በካልሲ ብቻ ሆነው በምንጣፍ ላይ ሲሄዱም ችሎታቸው ቀነሰ፤ ከግንቡ የሚመለስ የጫማ ኮቴ የለማ! እንግዲህ የፊት ስሜት የተባለው የገደል ማሚቶ ኖሯል። ዓይናሞቹም ቢሆኑ ልምምድ ሲያገኙ ይህን መማራቸው በዚያው ጥናት ታይቷል። ስለዚህ እግዚአብሔር አንዱን ነስቶ ሌላውን አበዛለት እያላችሁ የምታደንቁልን ነገር፣ እናንተም ብትለማመዱት የምታገኙት ነው።

የበትሩ ጫፍ ብረት ሲሆን ድምፁ ጥርት ይላል፤ በሁለት ሕንፃ መካከል ስገባ ይጠባል፣ ክፍት ሜዳ ስደርስ ይበተናል። በር ክፍት መሆኑን ሳልነካው የማውቀው በዚህ ነው። ክረምት ሲገባ ግን ይህ ሁሉ ይዘበራረቃል። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር መኪናው፣ ሰዉ፣ ግንቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከዓለም ይጠፋል፤ ቦዩም በውሃ ስለሚሞላ በትሩ ጥልቀቱን በቶሎ አይለየውም። እናንተ ጨለማ ስትሉ የምታስቡት ሌሊትን ነው፤ የእኔ ጨለማ የሐምሌ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ነው።

መንገድ መሻገር የትምህርቱ ከባድ ክፍል ነው። መጀመሪያ ሰውነትን ማቅናት ያስፈልጋል፤ ጥቂት ዲግሪ የተጣመመ ሰው በሰፊ መንገድ ላይ ሲሻገር መድረሻው መስቀለኛው መካከል ይሆናል። የምንቀናው በመኪናው ድምፅ ነው። በጎኔ ከእኔ ጋር ትይዩ የሚሄደው መኪና ከኋላዬ ተነሥቶ በጆሮዬ አልፎ ወደ ፊት ሲርቅ፣ የሄደበት መስመር የእኔም መስመር ነው። በፊቴ የሚያቋርጠው ሲቆምና በጎኔ ያለው ሲነሣ ያን ጊዜ መብራቱ ለእኔ ነው። ይህ በመስቀለኛ መንገድ ነው። በአደባባይ ላይ መኪናው ዞሮ ስለማያልቅ ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ስለዚህ ከአደባባዩ አፍ ራቅ ብለን ቀጥ ያለውን ቦታ መርጠን እንሻገራለን። በቅርብ ደግሞ አዲስ ነገር መጥቶብናል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በርክተዋል። ለአየሩ ደግ ነው፤ ለእኛ ግን ቀስ ብሎ የሚሄድ የኤሌክትሪክ መኪና ከጎማው ሹክሹክታ በቀር ድምፅ የለውም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ አዲስ የሚሸጥ የኤሌክትሪክ መኪና በዝግታ ሲሄድ ድምፅ እንዲያሰማ ሕጉ ያስገድዳል። የምሕንድስናና የሕግ ተማሪዎች ይህን ነገር ብታስቡበት ርዕስ አታጡም።

ዕውር ዕውርን ቢመራ ተያይዞ ገደል ይባላል። እኔን ያስተማረኝ ከእኔ ሁለት ዓመት የሚቀድም፣ የሕግ ተማሪ የሆነ ዓይነ ስውር ነው፤ አንድ ጊዜ ቦይ ውስጥ ከመግባታችን በቀር ገደል አልገባንም። የማስተማር ዘዴው መንገድን አለመንገር ነበር። «ሄደህ ከአራት ኪሎ ዳቦ ገዝተህ ና» ይለኛል። «በየት በኩል ልሂድ?» ስለው ጥያቄ ይጠይቀኛል እንጂ አይመልስም።

«ሰዓቱ ስንት ነው?»

«ሁለት ተኩል።»

«ፀሐይዋ የት ላይ ትሞቅሃለች?»

«ግራ ጉንጬ ላይ።»

«እንግዲያ ፊትህ ወደ የት ነው?»

የጠዋት ፀሐይ በግራ ጉንጭ ከሆነ ፊቴ ወደ ደቡብ ነው፤ ከስድስት ኪሎ አራት ኪሎም ወደ ደቡብ ነው። መንገዱም ቁልቁለት ነው፤ እግሬ ሽቅብ መውጣት ከጀመረ ተሳስቻለሁ ማለት ነው። «ሽሮ ሜዳ! ሽሮ ሜዳ!» የሚለው የታክሲ ረዳትም ሳያውቀው ሰሜንን ይጠራልኛል። እንዲህ እያደረግሁ፣ በስምንት ዓመት የወንድሜን መንገድ ያልተማርሁት ሰው፣ የአራት ኪሎን መንገድ በአራት ቀን ተማርሁ። የቸኮልሁ መስሎኝ ነበር፤ አስተማሪዬ ግን «በአራት ቀን አምስት ጊዜ ስለ ጠፋህ ነው» አለኝ።

መጥፋት የትምህርቱ ዋና ክፍል መሆኑን እዚህ ላይ በርትቼ ልናገር እወዳለሁ። አንድ ቀን በግቢው ውስጥ አርባ ደቂቃ ጠፋሁ። ከመንገዱ ስቼ የማላውቀው የሕንፃ ጀርባ ገባሁ። ቆምሁና መሰብሰብ ጀመርሁ። በቀኜ የሽንኩርት ቁሌት ሽታና የሳሕን ኳኳታ አለ፤ ስለዚህ የምግብ ቤቱ ማብሰያ ጀርባ ነኝ። ነፋሱ በግራዬ በኩል ያለ ከልካይ ይመጣል፤ ስለዚህ በዚያ በኩል ሕንፃ የለም። ወደዚያ ሄጄ ሣሩን አገኘሁ፤ ሣሩን ተከትዬ ሲሚንቶውን አገኘሁ፤ ያን ጊዜ ግቢው በራሴ ውስጥ እንደ ጋቢ ተዘርግቶ ታየኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ አካባቢ ጠፍቼ አላውቅም።

በሌላ ቀን ግን እንዲህ ሆነ። ከበሩ ውጭ በመንገዱ ጠርዝ ላይ ቆሜ ጓደኛዬን እጠብቃለሁ። አንድ ሰው ሳይናገር ክንዴን ያዘና ወደ መንገዱ አስገባኝ። «ቆይ ወንድሜ» ብለው «አይዞህ፣ አይዞህ፣ እኔ አለሁ» አለኝ። አሻገረኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ፣ «እግዚአብሔር ይርዳህ» ብሎ ሄደ። እኔም መሻገር ያልፈለግሁትን መንገድ ተሻግሬ በማላውቀው ቦታ ቆምሁ። ጓደኛዬ ከወዲያ ማዶ «ምን ልትሠራ ሄድህ?» እያለ ይጮኻል። ለመሣቅ ያህል ያወራሁት አይደለም። ሰው ክንዴን ይዞ ሲጎትተኝ፣ በእርምጃ ብዛት፣ በጆሮና በበትር የሠራሁት ካርታ ሁሉ ይጠፋል፤ ሲለቀኝ ከዜሮ መጀመር አለብኝ። ሰውየው ያደረገው ከልብ በመነጨ ደግነት ነው፤ የወንድሜን ሥራ ለሁለት ደቂቃ ሠራልኝ። ባለፈው ክረምት አገሬ ስገባ ወንድሜ ራሱ አውቶቡሱ ድረስ መጥቶ፣ እንደ ልማዱ የበትሩን ጫፍ ለመያዝ ጎንበስ አለ። «ተወው፣ ዛሬ አንተ ከኋላ ና» አልሁት። የወንዙ መሻገሪያ ጋ ስደርስ ብቻ «ወደ ግራ» አለኝ። ዋርካውም በቀኝ ኖሯል።

ይህ ነገር የሕግም ጥያቄ ነው። በአሜሪካ ጃኮበስ ቴንብሮክ የተባለ፣ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ ዓይነ ስውር ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ1966 በካሊፎርኒያ የሕግ መጽሔት ላይ ታላቅ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ዓይነ ስውር ብቻውን ሲሄድ ሳይከለል በተተወ ጉድጓድ ቢገባና ቢከስ፣ አንዳንድ ፍርድ ቤት «ያለ መሪ መውጣትህ የራስህ ቸልተኝነት ነው» ይለው ነበር። ቴንብሮክ የተከራከረው፣ መንገድ ለሕዝብ ከሆነ ዓይነ ስውሩም ሕዝብ ነው፣ ስለዚህ መንገዱን የሚሠራው ሰው እርሱም እንደሚመጣ አስቦ መሥራት አለበት ብሎ ነው። በእኛም አገር ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 20 ሰው በተቻለ መጠን በራሱ የመንቀሳቀስ መብት እንዳለው ያውቃል፤ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም በአንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመቹ እንዲሆኑ አዝዟል። አዋጁ ጥሩ ነው። ክዳኑ የተሰረቀ ጉድጓድ ግን አዋጅ አያነብም፤ ክዳኑን እስኪያገኝ ድረስ በእርሱና በእኔ መካከል ያለው ይህች በትር ናት።

በትሩ የማይችለውንም መናገር ተገቢ ነው። ከወገብ በታች ያለውን ያገኛል፤ ከወገብ በላይ ያለውን አያገኝም። በእግረኛ መንገድ ላይ የቆመ የአይሱዙ መኪና ሲኖር በትሩ ከሥሩ ባዶ ቦታ ያገኝና «እለፍ» ይለኛል፤ ግንባሬ ከመጫኛው ጠርዝ ጋር ይገናኛል። የሱቅ ማስታወቂያ፣ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ለሥራ የቆመ የባሕር ዛፍ መወጣጫ እንዲሁ ነው። ስልካችን የመንገዱን ስም ይነግረናል፣ ታክሲውንም ይጠራልናል፤ ቦዩን ግን አያውቀውም፤ በጆሮ ማዳመጫ ከሆነም መኪናውን ይሸፍንብናል።

ስለዚህ ልትረዱን ስትፈልጉ፣ መጀመሪያ በቃል ጠይቁን። «ልርዳህ?» ማለት በቂ ነው፤ «አያስፈልግም» ብንላችሁም አትቀየሙ፤ ነገ ሊያስፈልገን ይችላል። እሺ ካልናችሁ ክንዳችንን ከመያዝ ክንዳችሁን ስጡን፤ ከክርናችሁ በላይ ይዘን ግማሽ እርምጃ ከኋላችሁ ስንሄድ ደረጃውም መታጠፊያውም ከሰውነታችሁ ይነገረናል። በትሩን እንደ ወንድሜ በጫፉ አትያዙት፤ ዓይን ውስጥ ጣት እንደ መክተት ነው። መንገድ ስታመለክቱን «እዚያ ጋ» አትበሉን፤ «ከበሩ ወጥተህ በቀኝህ ግንቡን ይዘህ ሦስተኛው በር» በሉን። አደጋ ላይ ልንወድቅ ስንል ካያችሁ «ተጠንቀቅ!» ከማለት «ቁም!» በሉ፤ «ተጠንቀቅ» ምን እንደምናደርግ አይነግረንም። በኮሪደር ውስጥም ስንመጣ ስታዩ ሁላችሁም በአንድ ጊዜ ዝም ብላችሁ ከግንቡ ጋር አትጣበቁ፤ ድምፃችሁ ነው የት እንደ ሆናችሁ የሚያሳየን።

የመጨረሻው ስለ በትሩ መሰበር ነው። በምሳ ሰዓት ግፊያ ውስጥ በትር ይረገጣል፣ አንዳንዴም ይጣመማል። ይህን ያደረገ ተማሪ ብዙ ጊዜ ደንግጦ ዝም ብሎ ያልፋል፤ እኛም በትሩ መጣመሙን የምናውቀው ቀጥ ብለን የሄድን መስሎን ከዛፍ ጋር ስንገናኝ ነው። የረገጣችሁ እንደ ሆነ ቆማችሁ ንገሩን። የተጣመመ የአሉሚኒየም በትር ጉልበት ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ማቅናት ይቻላል፤ የሚታጠፈውም ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ውስጡ ያለው ላስቲክ ነው፤ እርሱንም በመኝታ ቤታችን የሚቀይሩ ሁለት ልጆች አሉ።